በጅማ ዙሪያ ተዳፋት መሬት ላይ የብረት መጋዘን ለመሥራት፦ ከደብተሩ እስከ ቆርቆሮው

ጅማ ዙሪያ መሬት ያለው ሰው መጋዘን ሲያስብ ብዙ ጊዜ ከብረቱ ይጀምራል። ዋጋ ሳይጨምር ልግዛ ይላል። ቱቦላሬው (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይመጣል፣ ግቢ ውስጥ ይከመራል፣ በያጅ ይጠራል። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ፣ የጎረቤት ድንበሩ፣ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የሚታሰቡት ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ገንዘቡ ብረት ሆኗል፤ ቦታ ለመቀየርም፣ መጠን ለማስተካከልም እጅ ያጥራል።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ መሬቱ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ፣ ከዚያ አፈሩና ውሃው፣ ከዚያ ንድፉ። ብረቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ለምሳሌ የምይዘው በሰቃ፣ በማና፣ በደዶ ወይም በቀርሳ በኩል ኮረብታ ጥግ ላይ ቡና ያለውን ሰው ነው። የሚፈልገው 6 በ12 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 3 ሜትር ከፍ ያለ ቤት ነው። ቡናውን፣ የእርሻ ዕቃውንና ሞተሩን ያስገባበታል። እንጨት ምስጥ ይበላዋል፤ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ብረት መምረጡ ትክክል ነው።

1. ቤቱ ለምን እንደሆነ ወስኑ

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን የምትሄዱበት ቢሮ፣ የሚጠየቀው ወረቀት፣ የንድፉ ዓይነት ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

"ለራሴ ምርት ማከማቻ" እና "ቡና ገዝቼ የማከማችበት" ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው የእርሻው አካል ነው። ሁለተኛው ንግድ ነው፤ ከኋላው ንግድ ፈቃድ ይመጣል። ወፍጮ፣ የቡና መፈልፈያ ወይም ብየዳ ቤት ከሆነ ደግሞ ወደ ኢንዱስትሪ ይጠጋል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ካሰባችሁ የፍሳሹ ነገር ስላለ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥያቄ ይነሳል።

ያሰባችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉት። ማመልከቻው ላይ የሚገባውም ይኸው ነው። ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው መጠቀም በኋላ ቤቱን ያሳሽጋል። ጎረቤት ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠቁመውም ይህንኑ ነው።

2. የመሬት ይዞታ ደብተሩን አውጡና አንብቡት

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በመሬቱ ላይ የሠራው ቤትና የተከለው ተክል ግን የእሱ ንብረት ነው። የገጠር መሬት አይሸጥም። ስለዚህ "ብድር" ወይም "ስጦታ" ተብሎ በመንደር ውል የተላለፈ መሬት ላይ ፈቃድ ለማውጣት ከተነሳችሁ ገና በሩ ላይ ትቆማላችሁ። መጋዘኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ የይዞታው ጉዳይ በሕጉ መንገድ መስመር ይያዝ።

ደብተሩ ወይም ሰርተፍኬቱ ላይ አራት ነገር ተመልከቱ። ስሙ የማን ነው? ባልና ሚስት በጋራ ከተመዘገቡ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስፋቱ ስንት ነው? አዋሳኞቹ እነማን ናቸው? ካርታ አለው ወይስ የለውም? ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፍኬት ያላቸው ሰዎች ሥራቸው ይቀልላል፤ ድንበሩ በመለኪያ ተይዟል።

ደብተሩ የሟች አባት ስም ላይ ከሆነ መጀመሪያ ውርሱን አስጨርሱ። ወንድምና እህት ተስማምተናል ቢሉም በቃል አትለፉት። ቤቱ ሲቆም የመሬቱ ዋጋ በሰው ዓይን ይለወጣል፤ የትናንቱ ስምምነትም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ከዚያ ድንበሩን ከአዋሳኞች ጋር አብራችሁ ዙሩት። የሰፈሩ ሽማግሌ ይኑር። ችካል ምቱ። ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ አስፈርሙ። በቢሮው ባትጠየቁም ይጠቅማችኋል።

3. የትኛው ቢሮ እንደሚመለከታችሁ ለዩ

ሰው ብዙ የሚንከራተተው እዚህ ላይ ነው። የከተማው ሰው ወደ ወረዳ፣ የወረዳው ሰው ወደ ከተማ ይልከዋል። ለመዳን መጀመሪያ መሬታችሁ በየትኛው አስተዳደር ወሰን፣ በከተማ ወይስ በገጠር ቀበሌ፣ ውስጥ እንደሚወድቅ አረጋግጡ።

መሬቱ በጅማ ከተማ ወይም እንደ ሰቃና አጋሮ ባለ ከተማ ወሰን ውስጥ ከገባ ጉዳዩ የከተማው ነው። ለዓመታት የግንባታ ፈቃድ ሲሠራበት የቆየው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሚመለከተው በዋናነት 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች ነው። እዚያ ፋይላችሁን የሚያየው የሕንፃ ሹም ይባላል። በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት (ያሰባችሁት ቤት ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱ የሚረጋገጥበት)፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል።

መሬቱ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ከሆነና ቤቱ ለራስ ምርት ከሆነ መነሻው ቀበሌው ነው። ከዚያ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት። ጥያቄው "እዚህ ይዞታ ላይ ለእርሻ ምርት ማከማቻ ልሥራ" የሚል ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። "ምን ችግር አለው፣ ሥራ" የሚል የቃል ፈቃድ ሰውየው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ያው የሕንፃ አዋጅ ከከተማ ውጭ የሚሠሩ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን፣ የኢንዱስትሪና የአግሮ ኢንዱስትሪ ሕንፃዎችንም ይመለከታል። ስለዚህ "ገጠር ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገውም" የሚለው አባባል ለቡና መፈልፈያ አይሠራም። እንዲህ ያለው ቤት መሬቱን ከእርሻ ወደ ሌላ አገልግሎት ስለሚያዞረው የመሬት ጽሕፈት ቤቱም፣ የወረዳው የኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤትም ይመለከቱታል።

አዋጆች ይሻሻላሉ። የገጠር መሬት አዋጁ እንኳ የቀድሞው ቁጥር 456/1997 በቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ስለዚህ ቢሮ ስትሄዱ "አሁን የምትሠሩበት አዋጅና መመሪያ የትኛው ነው?" ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ይህ ጥያቄ አያስነውርም። ባለሙያውም በጥንቃቄ ይመልስላችኋል።

የከተሞች ወሰን እየሰፋ የገጠር ቀበሌዎችን ማካተቱንም አስቡበት። ከተማው ዳር ያላችሁ ሰዎች ቦታችሁ በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መንገድ ሊያልፍበት የታቀደ ቦታ ላይ ቤት ማቆም ልብ ይሰብራል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚጠየቀው በሕጋዊ መንገድ ለተሠራ ንብረት ነው። ወረቀት ከሌለ የምትከራከሩበት መሠረት ይጠፋል።

4. ቦታውን ምረጡ፦ ተዳፋት፣ አፈር፣ ውሃ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት ዕጣው የሚወሰነው ቦታው ሲመረጥ ነው።

ተዳፋቱን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ገመድ፣ ሁለት እንጨትና ውሃ የሞላበት ግልጽ ቱቦ በቂ ነው። ግንበኛ ውሃ ልክ የሚይዝበት ቱቦ ማለቴ ነው። ከላይኛው ነጥብ ጀምራችሁ ገመዱን አግድም 10 ሜትር ዘርጉ፤ በቱቦው ልክ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ከገመዱ ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። 2 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው። 3 ሜትር ከሆነ 30 በመቶ።

ይህ ቁጥር በሕግ ሲሠራበትም ቆይቷል። በቀድሞው አዋጅ 456/1997 መሠረት ከ30 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለው መሬት ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይሆንም ነበር፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ነበር። ደንቡ ስለ እርሻ ነው እንጂ ስለ ቤት አይደለም። ግን መሬቱ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ይነግራችኋል። እኔ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ቦታ እያለ ከዚያ በላይ አልወጣም። ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ የድጋፍ ግንቡ ከመጋዘኑ ሊበልጥ ይችላል፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አቀማመጡ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ ያድናል። 6 በ12 የሆነውን ቤት 20 በመቶ ተዳፋት ላይ አስቀምጡት። ረጅሙ ጎን ቁልቁል ከሄደ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 2.4 ሜትር ልዩነት ይኖራል። ረጅሙን ጎን ኮረብታውን ተከትላችሁ አግድም ብታዞሩት ልዩነቱ 1.2 ሜትር ብቻ ይሆናል። ቁፋሮው፣ ሙሌቱና የድጋፍ ግንቡ በጣም ይቀንሳሉ። ቤቱ ያው ነው፤ ወጪው ግን አይገናኝም።

ግማሹን ቆርጣችሁ በወጣው አፈር ግማሹን ስትሞሉ አንድ ነገር አትርሱ። የተሞላው አፈር ይሰምጣል። ቆርጣችሁ ያገኛችሁት ግን አይሰምጥም። ግማሹ ምሰሶ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ላይ ከቆመ ቤቱ ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ስለዚህ በሙሌቱ በኩል ያለው የፉቲንግ (ከምሰሶው ሥር የሚፈስ የኮንክሪት መሠረት) ጉድጓድ ሙሌቱን አልፎ ነባሩ ጠንካራ አፈር ድረስ መውረድ አለበት። ለወለሉ የሚሆነው ሙሌት ደግሞ በስስ በስስ እየተደለደለ፣ እርጥበት እየተሰጠው ይጠቅጠቅ። አንድ መኪና አፈር ደፍቶ ከላይ መረጋገጥ ጥቅጠቃ አይባልም።

ወደ አፈሩ ልሂድ። ጅማ ዙሪያ ኮረብታው ላይ በብዛት የምታገኙት ቀይ አፈር ነው። ጥልቅ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ለመሠረት ጥሩ ነው። ወደ ሜዳው፣ ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ ግልገል ጊቤ ስትወርዱ መረሬው (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ይመጣል። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በጥር ወር ስንጥቁ ውስጥ ጣት የሚገባ ከሆነ በዚያ አፈር ላይ ተራ ፉቲንግ አታስቡ። ወይ አፈሩ ወጥቶ በገረገንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) ይተካል፣ ወይ መሠረቱ በጥልቀት ያልፈዋል፣ ወይ የቤቱ ቦታ ትንሽ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ቀዩ አፈር ይዛወራል። ብዙ ጊዜ ርካሹ ሦስተኛው ነው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቤቱ በሚያርፍበት ከላይና ከታች አንዳንድ ጉድጓድ እስከ 1.5 ሜትር አስቆፍሩ። የአፈሩን ቀለም፣ እርጥበቱን፣ ውሃ የሚመነጭ መሆኑን እዩ። ፎቶ አንሱና ለመሐንዲሱ አሳዩ።

አሁን ውሃ። ጅማ በዓመት በግምት 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ከመጋቢት አንስቶ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘንባል። ስለዚህ ቦታውን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ። ጎርፉ ከየት ይመጣል? የት ይተኛል? ምንጭ የሚያወጣ ጥግ አለ? ዛፎቹ ከግንዳቸው ቁልቁል የጎበጡበት፣ መሬቱ በቅስት የተሰነጠቀበት ቦታ አለ? ካለ ያ መሬት እየተንቀሳቀሰ ነው። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ሲሄድ ጊዜ አይሰጥም። እንዲህ ያለ ምልክት ባለበት ቦታ ላይ ለመጋዘንም ቢሆን አትቁረጡ።

ከቤቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የግድ ነው። ቦዩ ከተቆረጠው ገደል አናት ራቅ ብሎ ይቆፈራል፤ ውሃውን ወደ ጎን ወስዶ በድንጋይ በተነጠፈ መውረጃ ይለቀዋል። በተቆረጠው ገደልና በግድግዳው መካከል ደግሞ ሰው ቆሞ አካፋ የሚያነሳበት ክፍተት ተዉ፤ ወደ 2 ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። አፈር ሲንሸራተት ግድግዳውን እንዳይገፋ፣ ስታጸዱም እንዳያስቸግር ነው። ውሃው ጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይወርድ አስቀድማችሁ ከጎረቤቱ ጋር መውረጃውን ተስማሙ። በኮረብታ ላይ ጎረቤት የሚካሰሰው በድንበር ብቻ አይደለም፤ በውሃም ነው።

ሌላም ሁለት ነገር እዩ። ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል? ከመንገድ ምን ያህል ይርቃል? ሁለቱም የራሳቸው ክልል አላቸው። ርቀቱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ ንድፉ ላይ አስገቡ። ቦታው ላይ ዋንዛ ወይም ሌላ የቡና ጥላ ዛፍ ካለ ደግሞ ቀበሌውን ሳትጠይቁ መጥረቢያ አታንሱ። ከተቻለ ቤቱን አንቀሳቅሱ፣ ዛፉ ይቆይ።

5. ንድፉን አሠሩ

በያጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ብየዳ ማወቅ ግን ጭነት ማስላት አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል መሐንዲስ የሚያስመርቅበት ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ንድፍ የሚሠራ ሰው አጣሁ አይባልም። የታደሰ የሙያ ፈቃድ ያለውን ምረጡ፤ ቦታው ድረስ መጥቶ ይመልከት። ሳያይ የሚሠራላችሁን አትቀበሉ። ሜዳ ላይ የተሠራ ንድፍ ለተዳፋት አይሆንም።

መጠኑን ስትወስኑ 7 ሜትርን አስታውሱ። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምድብ "ሀ" የሚባለው ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት የኮንክሪት ወይም የብረት ውቅሮች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ሕንፃ ነው። ከ7 ሜትር ካለፈ ወደ ምድብ "ለ" ይገባል፤ የሚጠየቀው ንድፍና ባለሙያ ይጨምራል። ፋብሪካና ወርክሾፕ ደግሞ ምድብ "ሐ" ነው፤ ተሠርቶ ሲያልቅም የመጠቀሚያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። 6 ሜትር ስፋት የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሰፊ ቦታ ከፈለጋችሁ ቤቱን በርዝመቱ ጨምሩት።

ብረት ቤት ላይ ሰው የሚፈራው ክብደቱን ነው። ጣሪያው እንዳይወድቅ ይላል። እውነተኛው ፈተና ግን ንፋሱ ነው፤ ጣሪያውን ወደ ላይ ያነሳዋል። በ1987 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ የንፋስ መነሻ ፍጥነት ብሎ ይዞት የነበረው በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ25 እስከ 30 ኪሎ የሚሆን ግፊት ያመጣል። ቆርቆሮው ራሱ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ቢሆን ነው። 72 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲባዛ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ወደ ላይ የሚጎትት ኃይል ይሆናል። ማዕዘኖቹና ጠርዞቹ ላይ ይብሳል፤ ኮረብታ አናት ላይ ንፋሱ ይፈጥናል፤ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ሼድ ደግሞ ከሥሩም ይነፋል።

ስለዚህ ቤቱን መሬት ላይ የሚይዘው ፉቲንጉ ነው። 80 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ኮንክሪት ወደ 460 ኪሎ ይመዝናል። በየ3 ሜትሩ ምሰሶ ካደረጋችሁ ቤቱ 10 ምሰሶ ይኖረዋል፤ አንድ ላይ 4.6 ቶን ገደማ ነው። ይህ የሐሳቡን መጠን ለማሳየት ነው። የእናንተን ቤት መጠን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጡንም ስሌት ያስገባበታል። እናንተ ግን ጠይቁት፦ "ንፋሱ ሲያነሳው ምን ይይዘዋል?" ብላችሁ።

ንድፉ ላይ እነዚህ ካልታዩ አትፈርሙ፦ ቤቱ በይዞታው ውስጥ የት እንዳለና ከድንበሩ ያለው ርቀት፣ የተዳፋቱ ከፍታ ከላይና ከታች፣ የቁፋሮና የሙሌት መስመር፣ የመቀልበሻ ቦይና የመውረጃ አቅጣጫ፣ ፉቲንግ ከነብረቱ፣ የምሰሶው ሥር ሳህን ከነቦልቱ፣ የካፕሪያታው (ጣሪያውን የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ) ዝርዝር፣ የግድግዳና የጣሪያ ሰያፍ ማሰሪያ። ሰያፍ ማሰሪያውን ብዙ ሰው ይተወዋል። አራት ማዕዘን የሆነ ፍሬም ሲገፉት ይጋደማል፤ ሰያፍ ሲታሰርለት ግን ቀጥ ይላል። ጥቂት ብረት ነው፤ አትቆጥቡበት።

ለቡና የሚሆን ከሆነ አየርም ንድፍ ነው። ጅማ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይቋጠርና ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ላይ አድርሳችሁ ያስገባችሁት ቡና እዚያው ይበላሻል። ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ጎን በወንፊት ሽቦ የተዘጋ ክፍተት ተዉ። ጆንያው በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ቡና ሽታ ይስባል። ቤንዚን፣ ቀለምና ፀረ ተባይ አብረውት አይግቡ። ሞተሩን ለማስገባት ካሰባችሁ በግድግዳ የተለየ፣ የራሱ በር ያለው ክፍል አውጡለት።

6. ማመልከቻውን አስገቡ

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውንም፣ ቃለ ጉባኤውንም በአፋን ኦሮሞ አስጽፉ። የማትችሉ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ፤ ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

አብሮ የሚገባው በአብዛኛው የይዞታ ደብተሩ ኮፒ፣ መታወቂያ፣ የትዳር ጓደኛ ስምምነት፣ የቀበሌው ደብዳቤና ንድፉ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ዝርዝሩን ቢሮው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ። ሁሉንም ሁለት ኮፒ አድርጉ። ስታስገቡ በመዝገብ ክፍል በኩል ይሁን፤ የገባበት ቀንና ቁጥር በእናንተ ኮፒ ላይ ይመዝገብ። ክፍያ ከከፈላችሁ ደረሰኝ ያዙ። ባለሙያ ቦታው ድረስ ሲመጣ እናንተም፣ አዋሳኞቹም ተገኙ። ችካሉን አሳዩት።

አንድ ነገር እንዲስተካከል ከተባለ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። በቃል የተነገረ ማስተካከያ በየጊዜው ይጨምራል።

7. አሁን ብረቱን ግዙ

ፈቃዱ በእጃችሁ ሲገባ። ብረት በብዛት ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ስለሚመጣ የጅማ ዋጋ ውስጥ ትራንስፖርቱ አለ። ሁለቱንም አወዳድሩ። ነገር ግን ውፍረቱን ሳትለኩ ርካሽ አትበሉ።

ውፍረት በዓይን አይታይም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለ ሚዛን ይበቃል። 80 በ80 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 6 ሜትሩ ወደ 42 ኪሎ ይመዝናል። 2.5 ከሆነ ወደ 36፣ 2 ከሆነ ወደ 29። "ባለ 3 ነው" ብሎ 36 ኪሎ የሚመዝን ብረት የሚሰጣችሁን ነጋዴ በትህትና መልሱት። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፦ 28 ከ30 ይወፍራል፣ 30 ከ32። ለዚህ ዝናብና ንፋስ 32ን ለጣሪያ አልመክርም።

ከበያጁ ጋር የጽሑፍ ውል ያዙ፤ ሁለት ምስክር ይኑር። ንድፉ የውሉ አካል ይሁን። ክፍያው በደረጃ ይሁን፦ ፍሬሙ ሲቆም፣ ጣሪያው ሲለብስ፣ ቀለም ሲያልቅ። ብየዳ የተነካበት ቦታ ሁሉ ተፍቆ አንቲ ረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እንዲቀባ ውሉ ላይ ጻፉት።

8. የሥራው ወራት

ቀን ስትመርጡ ዝናቡንና ቡናውን አብራችሁ አስቡ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ዝናቡ ቢቀንስባቸውም የለቀማ ጊዜ ናቸው። የቀን ሠራተኛ አይገኝም፤ ቢገኝም ውድ ነው። መጋቢት ላይ ደግሞ ዝናቡ ይመለሳል። ስለዚህ ወረቀቱን በክረምት ጨርሱ። ቦዩን፣ ቁፋሮውንና ፉቲንጉን ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር አድርሱ። የካቲት ላይ ብረቱ ይቁም፣ ጣሪያው ይልበስ።

መጀመሪያ የሚቆፈረው ቦዩ ነው፤ ከመሠረቱ በፊት። ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ ጉድጓዱን ውሃ እንዳይሞላው።

ኮንክሪቱ 1 ሲሚንቶ ለ 2 አሸዋ ለ 3 ጠጠር ይቦካ፤ ውሃ አይብዛበት። ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፣ በጆንያ ይሸፈን። ቦልቶቹ ኮንክሪቱ ሲፈስ በተበሳ ጣውላ ተይዘው ቀጥ ብለው ይቁሙ። በኋላ ብረት አጥፎ ማስተካከል ቦልቱን ያደክመዋል። የብረቱ ሥር ደግሞ አፈር አይንካ። የኮንክሪት ምሰሶው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ብረቱ ከዚያ ላይ ይነሳ። ቱቦላሬ አፈር ውስጥ ቀብሮ ኮንክሪት ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ብረቱ ግን መሬት ወለሉ ላይ ዝጎ የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማዳበሪያና የከብት እበት ያለበት ቦታ ላይ ይፈጥናል።

ጣሪያው ከግማሽ ስፋቱ 3 ሜትር ላይ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይነሳ። ቆርቆሮው በምስማር ሳይሆን ጎማ ባለው ቪስ ይታሰር፤ ጠርዙና ማዕዘኑ ላይ ቪሱ ይጠጋጋ። አሸንዳውን አትተዉት። 72 ካሬ ሜትር ጣሪያ በጅማ ዝናብ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ይሰበስባል። አንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,600 ሊትር ነው። ያ ሁሉ መሠረቱ ሥር ከወረደ ሙሌቱን ይበላዋል። ወደ ሮቶ ከገባ ግን ቡና ችግኝ ያጠጣል። የሮቶው ትርፍ ውሃም ወደ ድንጋዩ መውረጃ ይግባ።

መብራት ካስገባችሁ ፍሬሙ ኧርዝ ይደረግ (በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ)። ጅማ መብረቅ ይበዛባታል፤ ቤቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው።

9. ከቆመ በኋላ

ሥራው ሲያልቅ ለቢሮው አሳውቁ፤ መጥተው ያዩትን በጽሑፍ አስይዙ። የጸደቀውን ንድፍ፣ ፈቃዱን፣ ደረሰኞቹንና የጉድጓዱን ፎቶ በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ አንድ ኮፒ መጋዘኑ ውስጥ ሳይሆን መኖሪያ ቤት ይሁን።

የመጋቢት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውስጥ ገብታችሁ ጣሪያውን እዩ። ከዚያ ወጥታችሁ ቦዩን ተከተሉ። ውሃው ካሰባችሁት መንገድ ከወጣ ያን ቀን አስተካክሉት፣ ለሐምሌ አታቆዩት። ከክረምት በፊት ቦዩን ጥረጉ። በየዓመቱ ጥር ላይ የብየዳ መጋጠሚያዎቹንና የምሰሶዎቹን ሥር ተመልከቱ። ዝገት የጀመረበትን ፍቃችሁ እንደገና አንቲ ረስት ቀቡት።